ሐሙስ የሚወጣው ቁጥር

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፦

በአንድ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ድርጅት የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ኬሚስት ነኝ። ከወንዝ ውኃ፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከደለልና ከልብስ ላይ መርዛማ ኬሚካሎችን እንለካለን። ሥራዬን እወደዋለሁ። ትዕግሥቴን ያሟጠጡት የዘመቻ ክፍል ባልደረቦቼ ናቸው።

ነገራቸው ሁሉ ጥድፊያ ነው። መግለጫ የሚሰጡበትን ቀን ቆርጠው፣ ጋዜጠኛ ጠርተው ካበቁ በኋላ ናሙናውን ያመጡልናል። ማሽኑ ቁልፍ ሲጫኑት መልስ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ኬሚካሉን አጣርቶ በሚያስቀር ካርትሪጅ ውስጥ በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር እየተንጠባጠበ ለማለፍ ብቻ 50 ደቂቃ እንደሚፈልግ፣ ከዚያ ካርትሪጁ እንደሚታጠብ፣ ኬሚካሉ አሞኒያ በገባበት ሜታኖል ተለቅቆ በናይትሮጂን እንደሚተን፣ ስታንዳርዶቹና (መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች) ብላንኮቹም (ኬሚካሉ የሌለባቸው መቆጣጠሪያዎች) ከናሙናው ጋር ወረፋ እንደሚይዙ ደጋግሜ አስረድቻለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብላቸው ይቆጣሉ። የክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ «እናንተ እርግጠኛ እስክትሆኑ ወንዙ ይሞታል» ብሎኛል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቁጥሮቼንም እንደ ጻፍኳቸው አይተዉልኝም። ከብዙ ናሙና አንዱን፣ ከፍተኛውን ብቻ ይመርጡና «እስከ» የሚል ቃል ከፊቱ ያስቀምጣሉ። የመለኪያውን የስሕተት ህዳግ ከሰንጠረዡ ይሰርዛሉ። «ከሚለካው በታች» ብዬ የጻፍኩት አንዳንዴ «የለም»፣ አንዳንዴ ደግሞ «መጠኑ ያልታወቀ» ሆኖ ይወጣል፤ እንደሚያስፈልጋቸው።

አሁን በእጃችን ያለው ሥራ ፒፋስ የሚባሉትን በቀላሉ የማይበሰብሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ይመለከታል። አንድ የጨርቅ ማጠናቀቂያ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ይለቃል። የጉዞው ቀን በድንገት ስለተቀየረ ከላብራቶሪው ማንም አብሮ አልሄደም፤ ናሙናውን የወሰዱት ራሳቸው ናቸው። ከፋብሪካው በላይ ያለውን በጠዋት፣ ከታች ያለውን ከሰዓት በኋላ ቀድተዋል። ከሰዓት ዝናብ ስለ ጣለ የዝናብ ጃኬታቸውን ደርበው ቶሎ ጨርሰዋል። የመስክ ብላንኩ ጠርሙስ እሽጉ ሳይነካ ተመልሷል፤ ለክተነው ንጹሕ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለብንም። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ከፋብሪካው በላይ ከፒፋሶቹ አንዱ የሆነው ፐርፍሎሮሄክሳኖይክ አሲድ በሊትር ከ1 ናኖግራም በታች፣ ከፋብሪካው በታች 11 ናኖግራም። ማሽኑ ላይ ኬሚካሉ ሲሰበር የሚታወቅባቸው ሁለቱም አዮኖች፣ 269ኙም 119ኙም፣ ወጥተዋል፤ ሬሾአቸውም ከስታንዳርዱ ጋር ይገጥማል። ትንተናውን ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

እነሱ ግን በመግለጫው ረቂቅ ላይ «ፋብሪካው ወንዙን በመርዝ አጥለቅልቆታል» ብለው ጻፉ። ለውጡት አልኳቸው፤ እንቢ አሉ። በየጊዜው ይኸው ነው። ደክሞኛል።

ሪፖርቱ ሐሙስ ይወጣል። ቁጥሩን አረጋግጫለሁ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ስሜም ውስጥ ገጹ ላይ ይታተማል። ልፈርም? ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ?

ትዕግሥቷ ያለቀባት ኬሚስት

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ዘመቻ ክፍሉ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ጠርሙስ ላይ እንነጋገር።

የመስክ ብላንክ የሚባለው ወንዙ ዳር ተከፍቶ ናሙናው ያየውን ሁሉ የሚያይ ንጹሕ ውኃ ነው፤ እሽጉ ሳይነካ የተመለሰ ጠርሙስ የመስክ ብላንክ አይደለም። ያ የጉዞ ብላንክ ነው፤ የሚመሰክረው ጠርሙሱ ራሱ፣ ውስጡ ያለው ውኃና የበረዶ ሣጥኑ ንጹሕ እንደ ነበሩ ብቻ ነው። በወንዙ ዳር ስለነበረው አየር፣ እጅ፣ ጓንትና እጅጌ ምንም አያውቅም፤ አላያቸውምና። «ንጹሕ ነው» ማለትሽ እውነት ነው። «ችግር የለብንም» ማለትሽ ግን ከእሱ አይወጣም።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ተበታትነው ያሉትን አራት ነገሮች አንድ ላይ አድርጊያቸው። የላይኛው ናሙና በደረቅ ጠዋት ተቀዳ። የታችኛው በዝናብ ተቀዳ። ቀጂዎቹ በመካከሉ የዝናብ ጃኬት ለበሱ። ያገኛችሁት ፐርፍሎሮሄክሳኖይክ ደግሞ ባለ ስድስት ካርበኑ አሲድ ነው። ልብስ ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባው ቅብ ከረጅሙ ሰንሰለት ወደ ባለ ስድስት ካርበኑ ከተዛወረ ወዲህ ከዝናብ ልብስ የሚወጣው ዋነኛው ምልክት ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 በዚህ አሲድና ወደ እሱ በሚለወጡ ውህዶች ላይ ገደብ ሲጥል የዝናብ ጃኬትን ከመሳሰሉ ልብሶች ጋር ያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ቅብ በጨርቅ ማጠናቀቂያ ፋብሪካም ይሠራበታል። እንግዲህ ተጠርጣሪው ሁለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አሻራ ይተዋሉ፤ እናንተ ደግሞ ሁለቱን የሚለየውን ብቸኛ ጠርሙስ ሳትከፍቱ መለሳችሁ።

በሊትር 11 ናኖግራም ማለት በ250 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 2.75 ናኖግራም ማለት ነው፤ ከሦስት ቢሊዮንኛ ግራም ያነሰ። ከእጅጌ ጫፍ የሚንጠባጠብ ዝናብ ወደ ጠርሙሱ አፍ የሚገባበት አጋጣሚ ካለ፣ ይህን ያህል አይመጣም ብሎ በባዶ እጅ መከራከር አይቻልም። ዝናቡም ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ ፒፋስ በዝናብ ውኃ ውስጥ ከሰው መኖሪያ በራቀው በአንታርክቲካ ሳይቀር ተገኝቷል። የመንገድና የጣሪያ እጣቢም በዚያው ሰዓት ወደ ወንዙ ይወርዳል። በደረቅ ጠዋት የተቀዳው የላይኛው ናሙና ይህን ሁሉ አላገኘውም።

ናሙናውን ጃኬቱ በከለው አላልኩሽም። የልብስ ብክለት በተግባር ከሚፈራው ያነሰ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ፋብሪካው ጥፋተኛ የመሆኑም ዕድል ሰፊ ነው። ያልኩሽ፣ ከታች የተገኘው ከፋብሪካው መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ በእጅሽ የለም። የሁለቱ አዮኖች ሬሾ መግጠሙ ኬሚካሉ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ነበር ያረጋግጣል። እንዴት እንደ ገባ ግን ማሽኑ አይነግርሽም። ይህንን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ የሚያስቆጣኝም እሱ ነው። የሌሎችን ጥድፊያ ስትቆጥሪ የራስሽን «ችግር የለብንም» በለሆሳስ አሳለፍሽው።

ይህ በመስኩ ትልቁ ስም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ግሪንፒስ በሰሜን ባሕር የነበረው ብሬንት ስፓር የተባለው የሼል ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ እንዳይሰጥም ሲታገል፣ ውስጡ ወደ 5,500 ቶን ዘይት አለ አለ። በኋላ ሲመረመር የናሙና መውሰጃው ጋኑ ውስጥ አልደረሰም፤ ወደ ጋኑ በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ነበር የቀረው። ድርጅቱ በሴፕቴምበር ይቅርታ ጠየቀ። የሚያሳዝነው፣ ሼል ዕቅዱን የሰረዘው ቀደም ብሎ በጁን ነበር፤ በ1998ም የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች የባሕር ላይ የነዳጅ ግንባታዎችን ወደ ባሕር መጣልን በመርህ ደረጃ ከለከሉ። ዘመቻው አሸንፏል። ተቃዋሚዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ ሲጠቅሱ የኖሩት ያቺን ቁጥር ነው። ትንተናው ቢያምር እንኳ ናሙናው ከተሳሳተ ቦታ ከመጣ፣ የሚከፍለው መላው እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ አትፈርሚ። መግለጫው ይቅር አላልኩም፤ ያቺ ቁጥር ትቆይ። «አጥለቅልቆታል» የሚለውማ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ አይቆምም። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውኃ ለ20 ፒፋሶች ድምር ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 100 ናኖግራም ነው። ወንዝ የመጠጥ ውኃ አይደለም፤ ነገር ግን የፋብሪካው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

በቀሩት ቀናት ልትሠሪው የምትችይው አንድ ነገር አለ። ጃኬቶቹን አስመጪ። እጅጌያቸውን ከፒፋስ ነፃ በሆነ ውኃ አለቅልቀሽ ያንኑ ውኃ ለኪው። ምንም ካልወጣ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ የዝናቡ ጥያቄ ግን ይቀራል። ባለ ስድስት ካርበኑ ከወጣ፣ በወንዙ ናሙና ውስጥ አብረውት የታዩትን ሌሎች ፒፋሶች መጠን ከእጅጌው ጋር አስተያዪ። ዝርዝሩና ድርሻው ከተመሳሰለ ያቺን ናሙና ጣያት።

ከዚያ እንደገና ቅዱ፤ በዚህ ጊዜ አንቺ አብረሽ ሂጂ። በደረቅ ቀን፣ ከዝናብ ቢያንስ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከላይና ከታች ያለውን በተቀራረበ ሰዓት። ሦስተኛ ነጥብም ጨምሩ፤ የፍሳሽ መውጫ ቧንቧው አፍ ላይ። ከላይና ከታች መካከል ሌላ ቦይ ቢገባ ያለዚህ ነጥብ ፋብሪካውን መጥቀስ አይቻልም። ጠርሙሱ ኤችዲፒኢ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ፣ ክዳኑም የቴፍሎን ሽፋን የሌለው ይሁን። ልብሳችሁ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ይሁን፤ ማለስለሻ ያልነካው። በዚያ ጠዋት የእጅ ቅባትም የፀሐይ መከላከያም የለም። ናይትራይል ጓንት በየነጥቡ ይቀየር። ቀጂው ወደ ታችኛው በኩል ቆሞ የጠርሙሱን አፍ ወደሚመጣው ውኃ ያዙር፤ ክዳኑ መሬት አይቀመጥ፣ በእጅ ይያዝ። ከአንዱ ነጥብ ሁለት ጠርሙስ ይቀዳ፤ ሁለቱ ካልተቀራረቡ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የመስክ ብላንክ እንዴት እንደሚሠራ ለቡድኑ በቃል ሳይሆን በእጅ አሳዪያቸው። ሁለት ጠርሙስ ትሰጫቸዋለሽ፤ አንዱ ላብራቶሪው አስቀድሞ የለካውን ንጹሕ ውኃ የያዘ፣ ሌላው ባዶ። በታችኛው ነጥብ፣ ናሙናውን የቀዳው ያው ሰው፣ በዚያው ልብስ፣ ከሙሉው ወደ ባዶው ይገለብጣል፤ ይዘጋል፤ ከሌሎቹ ጋር በበረዶ ያስቀምጣል። እውነተኛ በረዶ ይሁን፤ ጄል ያለው ማቀዝቀዣ አይሁን። በናሙና ቅጹ ላይ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የቀጂው ስምና የለበሰው ልብስ ይጻፍ። በላብራቶሪ ደግሞ ከጠርሙሱ ቀንሰሽ አትውሰጂ። አይሶቶፕ ምልክት ያለበትን ስታንዳርድ (በዝግጅቱ የጠፋውን መጠን የሚያሳየውን) እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሪ፣ ሙሉውን ውኃ በካርትሪጁ አሳልፊ፣ ባዶውንም ጠርሙስ በሜታኖል አለቅልቀሽ ከእሱ ጋር ደባልቂ፤ ረጃጅሞቹ ፒፋሶች ግድግዳው ላይ ይቀራሉና።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ። ከፍተኛውን ቁጥር መርጠው «እስከ» ማለታቸው፣ ህዳጉን መሰረዛቸው፣ «ከሚለካው በታች»ን እንደ ልብ መገልበጣቸው ጥፋት ነው፤ በዚህ ከጎንሽ ነኝ። በብላንኩ ግን አይደለሁም። ጠርሙስ ሰጥታችሁ፣ ምን እንደሚደረግበት ሳታሠለጥኑ፣ ቀኑ ሲቀየር ከላብራቶሪው አንድ ሰው ሳትልኩ ቀራችሁ። እነዚያ ልጆች በዝናብ ወንዝ ውስጥ የቆሙት ለወንዙ ብለው ነው። ሊሠሩት የሚገባውን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ።

ስለ መልቀቅ ጠይቀሻል። አትልቀቂ። አንቺ ስትወጪ ቦታሽን የሚይዘው ቶሎ የሚፈርም ሰው ይሆናል። ይልቅ ፊርማሽን እንደ መደራደሪያ ተጠቀሚበት። የሥራ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፦ ላብራቶሪው ያላሠለጠነው ሰው ናሙና አይቀዳም፤ የመግለጫ ቀን ውጤት ከወጣ በኋላ ይቆረጣል፤ ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ላብራቶሪው ሳያነበው አይወጣም፤ ሙሉው ሰንጠረዥ ከነብላንኮቹና ከነህዳጉ አብሮ ይታተማል። ይህ ለዘመቻ ድርጅት የማይቻል ነገር አይደለም። ግሪንፒስ ራሱ የምርምር ላብራቶሪውን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስቀምጦ ውጤቶቹን የትንተና ዘዴው በተገለጸባቸው ቴክኒካዊ ሪፖርቶች ያወጣል።

ለክፍሉ ኃላፊ ነገ ጠዋት ጻፊ፤ አጭር ይሁን፤ ስለ ጥድፊያውም ስለ ስብሰባውም አታንሺ። የመስክ ብላንኩ አለመከፈቱን፣ የታችኛው ናሙና በዝናብና በዝናብ ጃኬት መቀዳቱን፣ በዚህ ምክንያት 11 የሚለውን ቁጥር እንደማታረጋግጪ፣ ድጋሚ ናሙናው የሚቀዳበትንም ቀን ጻፊለት። የጃኬቶቹን ጥያቄ ከታች ጨምሪበት፤ ከመታጠባቸው በፊት ነው የምትፈልጊያቸው።