የዓባይ በረሃ መንገድ ቢሻሻል ምን ይቅደም? ጥያቄና መልስ

የዛሬው መላሻችን በመንገድ ፍሳሽና በመሬት መንሸራተት ሥራ የቆየ መሐንዲስ ነው። ርዕሱ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ጠይቁት።

የፍቼው፦ ኢንጅነር፣ አስፋልቱ ይጠገናል፣ ክረምት ሲወጣ ተሰንጥቆና ሰምጦ እናገኘዋለን። የኮንትራክተር ሌብነት ነው አይደል?

መልስ፦ ኮንትራክተር ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል። እስቲ መሬቱን እንየው። ከአፋፉ ባዛልት አለ። ወረድ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰምና ሼል (ከጭቃ የተጋገረ ስስ ድርብርብ ድንጋይ)፣ ወደ ወንዙ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ነው። ከላይ የተናደ አፈርና ቋጥኝ በየቦታው ተከምሯል፤ መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የሚያልፈው በዚህ ክምር ነው። ክምሩ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሥሩ ይሙለጨለጫል፣ ከነአስፋልቱ ይወርዳል።

ስንጥቁን ልብ ብላችሁ እዩት። እንደ አዞ ቆዳ ከተሰነጣጠቀ የአስፋልቱ ወይም የሥረ መሠረቱ ችግር ነው። እንደ ማጭድ ጎብጦ ከመንገዱ ዳር ተነስቶ ወደ ዳሩ ከተመለሰ ግን ተረተሩ እየሄደ ነው። እዚያ ላይ አስፋልት መደረብ ብር መጣል ብቻ አይደለም፣ ሸክም መጨመርም ነው። መጀመሪያ ከላይ የሚመጣውን ውሃ በቦይ ቁረጡ። ውስጥ የገባውን አግድም በተቆፈረ ማፍሰሻ አውጡ። ከታች በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ደግፉ። አስፋልቱ ከዚያ በኋላ ነው። ማንኛውም እቅድ ሲመጣ «ውሃው የት ይሄዳል?» በሉ።

ዳንግላ፦ ለምን ሰፍቶ አራት ሌይን አይሆንም?

መልስ፦ ለማስፋት የተረተሩን እግር መቁረጥ ግድ ነው። እግሩን ከቆረጥከው የላዩ ይመጣብሃል። አለቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ አጫጭር መቅደሚያ ሌይን ይበቃል።

አዲስ ገቢ፦ በዋሻስ? ጣርማበርን ጣሊያን በስቶት የለ?

መልስ፦ ጣርማበር የተበሳው የተራራ አናት ነው። እዚህ ከአፋፍ እስከ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል፤ ዋሻ ይህን ቁልቁለት አያስቀርልህም። ቀጣይ።

ቢቸና፦ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ስንት ዓመት ያገለግላል?

መልስ፦ ድልድይ የኔ ሙያ አይደለም።

የጎጃሙ ሹፌር፦ መንገዱን የጨረሰው ሲኖትራክ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ሲኖ ባለቤት፦ እኛ ግብር እንከፍላለን! አስፋልት ላይ ከብት የሚነዳው፣ ቦዩን በአፈር ደፍኖ ወደ ማሳው መሻገሪያ የሚያበጀው ለምን አይነሳም?

የጎጃሙ ሹፌር፦ ላም አስፋልት ሰባብራ ታውቃለች እንዴ?

ሲኖ ባለቤት፦ ቦይ ሲደፈን ውሃው አስፋልት ላይ ነው የሚወጣው። ኢንጅነሩን ጠይቀው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አትጯጯሁ። የአክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ጭነት ጉዳት የሚያድገው በአራተኛ ኃይል ገደማ ነው። ይህ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘ ነው። አክስሉ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ብትጭን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ብትጭን ደግሞ 16 እጥፍ! ስለዚህ ሚዛን ጣቢያ ቀልድ አይደለም። የተደፈነ ቦይ ግን ያለ ምንም መኪና መንገድ ይገድላል። ከሰኔ በፊት ቦይ ይጠረግ፤ ስንቴ ልበል?

አቤል፦ መንገዱ መቼ ነው የሚስተካከለው?

መልስ፦ የትኛው ቦታ? ከኪሎ ሜትር ድንጋዩ ላይ ቁጥሩን አንብበህ ጻፍ። «መንገዱ» ብሎ ጥያቄ የለም።

ከደጀን ወረዳ፦ ጋሼ፣ ከመንገዱ ቱቦ የሚወጣው ውሃ ማሳችንን ቦርቡሮ ገደል አደረገው። ማንን እንጠይቅ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አምጡልኝ! ዲዛይን ሲሠራ ቱቦው ውሃውን ከመንገዱ ሥር ካሻገረ ሥራው አለቀ ይባላል። አላለቀም። መንገዱ ዳገቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ አፍ ይተፋዋል። የቱቦው አፍ ድንጋይ ካልተነጠፈበት ውሃው እዚያው ይቆፍራል። ቦረቦሩ ታች ብቻ አይቆምም፤ ወደ ላይ እየበላ መጥቶ ቱቦውንም መንገዱንም ይገለብጣል። ስለዚህ ማሳህን ማዳን መንገዱንም ማዳን ነው፤ ስትከራከር ይህን ንገራቸው። የሚፈለገው ከቱቦው አፍ ጀምሮ እስከ ተፈጥሮ ወንዙ ድረስ በድንጋይ የታነጸ ደረጃ ደረጃ መውረጃ ነው። ቱቦ ማብዛትም ይረዳል፣ ውሃው ይከፋፈላል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከን የሚሠሩትም ከመንገድ ሰዎች ጋር ይነጋገሩ፤ የእርከኑ ውሃ ጥሶ ሲወጣ መውረጃው መንገዱ ነውና። ክረምት ላይ ውሃው ሲወርድ ፎቶ አንሱ። የበጋ ፎቶ አያሳምንም።

ከደጀን ወረዳ፦ ካሳስ?

መልስ፦ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣ አዋጅ 1161/2011 አለ፣ በኋላም ተሻሽሏል። የሕግ ሰው ጠይቅ።

ሰላሌ፦ ፍሬን እምቢ ለሚላቸው መኪኖች መውጫ ቢሠራስ?

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጠጠር የተሞላ ዳገታማ መውጫ ይሠራል፣ ቦታው ከተገኘ። እስከዚያው በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።

ሀብቴ፦ ለምንድነው ግን የማይሰፋው?

መልስ፦ ወደ ላይ አንብብ።

ወጣት ከጎሐ ጽዮን፦ ወረዳው ለውይይት ጠርቶናል። ምን እንበል?

መልስ፦ የፍሳሽ ዲዛይኑን አሳዩን በሉ። የተቆፈረው አፈር የት እንደሚደፋ ጠይቁ፤ ቁልቁል ከተደፋ ታች ያለውን መንገድ ይጭነዋል። ለጥገና በየዓመቱ ምን ያህል ተይዟል በሉ። ከነዳጅ የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ ከ1989 ጀምሮ አለ፤ ጥገና ላይ «በጀት የለም» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ።

የጎጃሙ ሹፌር፦ ሲኖትራኩን ረሳኸው።

መልስ፦ ሚዛን ብያለሁ እኮ። ከባለቤቱ ጋር ጨርሱ።