የአሳ ሾርባ ለጠየቅሽው፦ ጭንቅላቱን አትጣይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊሌቶ ገዝተሽ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር አንድ ላይ ትቀቅያለሽ። ሾርባው ውሃ ውሃ ይላል፣ አሳው ይበታተናል፣ ሽታውም ሁለት ቀን ከቤት አይወጣም። አብሽሪ፣ ሦስቱም የሚስተካከል ነው። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ነኝ፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲጠና ይሄ ሾርባ ከቤቴ አይጠፋም።

ውሃ ውሃ የሚለው ፊሌቶ ብቻ ስለምትጠቀሚ ነው። የሾርባ ጣዕም ያለው ጭንቅላቱና አጥንቱ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ገዝተሽ ሥጋውን ብታወጪ የምታገኚው ሲሶ ያህል ነው። የቀረውን ሰው ይጥለዋል። ሾርባሽን ነው የምትጥይው! ሐይቁ ያለበት የሐይቅ ከተማ ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ከውሃ የወጣ አሳ ሳይውል እጅሽ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ አሳ ግዢ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ጉንጩ ሥር ያለው ስንጥብ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። ዓይኑ ከደፈረሰ ዋጋው ቢረክስም ይቅርብሽ። ፊሌቶ ብቻ ከሆነ የተገኘው፣ ሻጩን ጭንቅላትና አጥንት ጨምርልኝ በይው።

ሽታው ከየት እንደሚመጣ ላሳይሽ። የአሳውን ጉንጭ በጣትሽ ግልጥ ስታደርጊ ቀይ ማበጠሪያ የሚመስል ነገር አለ፤ ስንጥብ የምንለው እሱ ነው። ከሥሩ ነቅለሽ አውጪው። አንዱ እንኳ ከቀረ ሾርባው ይመራል፣ ይሸታልም። ከዚያ ሆዱን ክፈቺና ወደ ብርሃን አዙሪው። የቆሮሶ ሆድ ውስጡ በጥቁር ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። እሱን በጨው እያሸሽ ላጪው። ከሥሩ ጀርባው አጥንት ላይ የተጋገረ ደም ታያለሽ። በሻይ ማንኪያ ጫፍ ፋቂው፣ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቢ። ብዙ ሰው ቅርፊቱን ብቻ ፍቆ ጨረስኩ ይላል፤ ሽታው ግን ሆድ ውስጥ ቀርቷል። አምባዛ ከሆነ ደግሞ የጭቃ ጣዕም ስላለው ሎሚ በርከት አድርጊ። ሥጋውን ድስት ውስጥ ልትጨምሪው ስትቃረቢ ጨውና ሎሚ ነክተሽ 10 ደቂቃ ብቻ አስቀምጪው። ብዙ ከቆየ ሎሚው ራሱ ያበስለውና ድስት ውስጥ ፍርክስክስ ይላል።

አሁን መረቁ። የ3 መካከለኛ አሳ ጭንቅላትና አጥንት በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጣጂ። አንድ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀሽ፣ ዝንጅብል ጨፍልቀሽ፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጨምሪ። ሊፈላ ሲል አረፋ ያወጣል፤ በማንኪያ እየገፈፍሽ ድፊው። እሳቱን ቀንሺው፤ ዳር ዳሩ ብቻ እፍ እፍ ይበል። የአሳው ዓይን እንደ ነጭ ፍሬ ጠጥሮ ሲወጣ መረቁ ደርሷል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የበሬ አጥንት መስሏት ከምሳ እስከ እራት የምትጥድ አይቻለሁ፤ ድፍርስና መራራ ነው የሆነባት።

ማጥለሉን አደራ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሰፊ ቀዳዳ ባለው ማጥለያ አሳልፌ ለልጄ ሰጠሁት። ቀጭን አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰካ። እኔ ደንግጬ ደረቅ እንጀራ ጉረስ አልኩት፣ ይባስ ወደ ውስጥ ገባ። ጤና ጣቢያ ወስጄው በመቆንጠጫ ወጣለት። በእንጀራ መግፋት አደገኛ እንደሆነ ያኔ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በወንፊት ካሳለፍኩ በኋላ በንጹህ ነጭ ጨርቅ እደግመዋለሁ። ጭንቅላቱ ላይ የቀረውን ሥጋ በእጅሽ ለቅመሽ ለብቻው አስቀምጪው፤ የጉንጩ ሥጋ ከሁሉም ይጣፍጣል።

ቅመሙ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። በርበሬ ለጉላሽ ነው። ሾርባ ውስጥ ሳይቁላላ ሲገባ ከታች ይዘቅጣል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ የአሳውንም ጣዕም ይሸፍነዋል። እኔ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ በዘይት ሳላጠቁር አለሰልሰዋለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እኩል ወቅጬ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ እርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ድንብላል ግማሽ። የ2 ኮረሪማ ፍሬ ፈልፍዬ ሸክሸክ አድርጌ እጨምራለሁ። ሽታው ጓዳውን ሲሞላ መረቁን እገለብጥበታለሁ። ቅቤ አላስገባም። ጎረቤቴ በጾም አሳ ስለምትበላ፣ አንዱ ድስት ለሁለታችንም እንዲሆን በዘይት ብቻ ነው የምሠራው። እሷም በረመዳን ለማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ ይዛልኝ ትመጣለች።

ድንችና ካሮት በትንንሹ ከትፈሽ መረቁ ውስጥ ጨምሪ። እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ ድንቹ ለመብሰል ይዘገያል። ዝቅ ካለችው ከኮምቦልቻ እንደመጣሁ በለመድኩት ሰዓት አወጣሁትና ድንቹ ጥርስ ላይ ቀጨም አለብኝ። ጥቂት ደቂቃ ጨምሪለት። ሲበስል አንድ ሁለት ጭልፋ ድንች አውጥተሽ ፍጪና መልሺው፤ ያለ ዱቄት ሾርባው ወፈር ይላል።

አሳው መጨረሻ ነው የሚገባው። የሚበታተንብሽም ከመጀመሪያው ስለምትጨምሪው ነው። የአሳ ሥጋ እንደ በሬ ጅማት የለውም፣ እሳት አይችልም። አውራ ጣት በሚያህል ቁራጭ ቆርጠሽ፣ እሳቱን ቀንሰሽ ጨምሪና ክደኚው። በማንኪያ አታማስዪ። ድስቱን በጆሮው ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው። 5 ደቂቃ ውስጥ ነጭ ይሆናል፤ ያኔ አውርጂ። የለቀምሽውን የጉንጭ ሥጋ፣ አንድ ሁለት ቃሪያ፣ ቁንጥር ጦስኝና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ የምትጨምሪው ከወረደ በኋላ ነው። ሎሚ እሳት ላይ ከፈላ ይጎመዝዛል። ሚጥሚጣ ገበታ ላይ ይቅረብ፣ ልጆች ስላሉ ሁሉም የቻለውን ያህል ያድርግ። ትኩስ ድፎ ዳቦ ካለሽ ሌላ ምንም አትፈልጊ።

ቤት ውስጥ የሚቀረው ሽታ ደግሞ ከዕቃው ነው። መክተፊያውንና ድስቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ቀጥሎ ይምጣ። በሙቅ ከጀመርሽ የአሳው ዝልግልግ ዕቃው ላይ ይጋገራል። የጨመቅሽውን የሎሚ ልጣጭ ጨው ነስንሰሽ መክተፊያውንም እጅሽንም እሺበት። ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልለሽ የዚያኑ ዕለት ምሽት ከቤት አውጪው፣ እስከ ጠዋት አይደር።