80,000 ብር ይዘሽ ቆሎ ልትጀምሪ ነው? መጀመሪያ ምርቃቱን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «80,000 ብር ቆጥቤአለሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የቆሎና የበሶ ሥራ መጀመር አስቤአለሁ፣ ማኔጅመንት አልተማርኩም፣ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ብዙዎቹ «በርቺ፣ ትችያለሽ» ብለውሻል። ምርቃታቸውን ተቀበዪ፣ ግን «በርቺ» ኪራይ አይከፍልም። እኔ ማኔጅመንትን የተማርኩት የመጀመሪያ ሥራዬን በመዝጋት ነው። ደብረ ሲና ላይ ለመንገደኛ ቆሎ እሸጥ ነበር። ታውቂያለሽ፣ ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ ከተማዋ ላይ የቆመ አውቶቡስ ቆሎ ሳይገዛ አይሄድም። ገበያ ሞልቶ ነበር የከሰርኩት። ስለዚህ «ገበያ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃሽም።

የከሰርኩበትን ሂሳብ ላሳይሽ። ለስሌት እንዲቀል ኩንታል ገብስ 8,000 ብር እንበል፤ የዛሬውን ዋጋ አንቺ አስተካክዪው። እኔ 8,000ን ለ100 አካፍዬ «ኪሎው 80 ነው የመጣልኝ፣ በ130 ብሸጠው 50 አተርፋለሁ» እል ነበር። ግን 100 ኪሎ ገብስ 100 ኪሎ ቆሎ አይሆንም። ሲለቀም ጠጠሩና እንክርዳዱ ይወጣል፣ ሲፈተግ እብቁ ይሄዳል፣ ምጣድ ላይ ደግሞ ውሃው ይተናል። ቆይቼ ስመዝነው ከእኔ እጅ የሚወጣው 76 ኪሎ ገደማ ነው። ሰነፍ ገብስ የሚባለውን፣ ገለባው በቀላሉ የሚላቀቀውን ዓይነት ካገኘሽ ፍትጊያው ይቀልሻል፣ ሂሳቡም ትንሽ ይሻሻላል። አሁን ወጪውን ደምሪው፦ ገብሱ 8,000፣ ማጓጓዣ 200፣ ለፈታጊዎች 1,000፣ ማገዶ 700፣ ማሸጊያ 500። ድምሩ 10,400። ለ76 ሲካፈል ኪሎው 137 ብር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በ130 ስሸጥ በየኪሎው 7 ብር ለመንገደኛው እየጨመርኩ ነበር ማለት ነው። ብዙ በሸጥኩ ቁጥር ብዙ ከሰርኩ፤ ሰው ሲሰለፍልኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር!

አሁን 170 ብለሽ ሸጥሽ እንበል። ከኪሎ 33 ብር ይተርፍሻል። ይህ ገና ያንቺ አይደለም። ብትሸጪም ባትሸጪም የሚከፈል አለ፤ የሱቅ ኪራይ 3,500፣ ያንቺ ደመወዝ 5,000 ብንለው በወር 8,500 ነው። 8,500ን ለ33 አካፍዪ፤ 258 ኪሎ። በወር ሦስት ኩንታል ተኩል ገብስ ገደማ፣ በወር 26 ቀን ብትሸጪ በቀን ወደ 10 ኪሎ ቆሎ። ከዚያ በታች ከሸጥሽ ካፒታልሽን እየበላሽ ነው። ሱቅ ከመከራየትሽ በፊት ያሰብሽው ቦታ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጪ፣ አንዱ የገበያ ቀን ይሁን፣ ሌሎች ቆሎ ሻጮች በቀን ምን ያህል እንደሚሸጡ ቁጠሪ። 10 ኪሎ የማይወጣበት ቦታ ላይ ሱቁ የቱንም ያህል ቢያምር አትግቢ።

ስለ ምርቃት ማንም አልነገረሽም። እኛ አገር ሰፍረሽ ስትጨርሺ አንድ እፍኝ ካልጨመርሽ ሰው ፊቱን ያጠቁርብሻል። አንድ ቀን እፍኜን ሚዛን ላይ ጣልኩት፣ 40 ግራም። በዚያው በ170 ሂሳብ በግማሽ ኪሎ ሽያጭ የማተርፈው 16 ብር ከ50 ሲሆን ምርቃቱ ብቻ 5 ብር ከ50 ይበላል። የትርፌ ሲሶ! ወዲያው ምርቃት አቆምኩና በሁለት ሳምንት ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት ሄዱ፤ ይህም ጥፋት ነበር። አሁን እፍኙን አስቀድሜ ዋጋው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ በደስታ እሰጣለሁ። ሠራተኛ ስትቀጥሪ ደግሞ አንድ መስፈሪያ አሲዣት፤ የእሷ እፍኝ ካንቺ እፍኝ ሊሰፋ ይችላል። በዚህ አትቆጫት፣ የቸርነት ጉዳይ ነው፣ መስፈሪያው ግን ይዳኛችኋል።

ሁለተኛው ያዋረደኝ ነገር ኪሴ ነው። የልጆቹ ደብተር ከሽያጩ፣ እድሩ ከሽያጩ፣ ለቅሶ ስሄድ ከሽያጩ። ማታ «ዛሬ ደህና ሸጥኩ» እላለሁ፣ ወር ሲያልቅ ገብስ መግዣ የለኝም። ጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን የጌሾና የብቅሉን ገንዘብ በአንድ ጣሳ፣ የቤቷን በሌላ ጣሳ ታስቀምጥ ነበር። ቤቷ ምንም ቢጎድል የጌሾውን ጣሳ አትነካም። እኔ የተማርኩት ከሷ ነው። አሁን ለራሴ በወር ደመወዝ ቆርጬአለሁ፤ ከሱቄ ሩብ ኪሎ በሶ ይዤ ቤት ብገባ እንኳ ደብተር ላይ በስሜ እጽፋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር። ቴሌብር ካለሽ የሱቁን ሽያጭ በተለየ ስልክ ቁጥር ተቀበዪ፣ የሁለተኛ ጣሳ ያህል ነው።

ዱቤ። «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት ሁላችንም እንለጥፋለን፣ ሁላችንም ዱቤ እንሰጣለን። ለጎረቤት ግማሽ ኪሎ መስጠት አይጎዳም። የሚጎዳው ትልቁ ነው። አንድ ካፌ በየሳምንቱ 20 ኪሎ እየወሰደ «በወር መጨረሻ» ይለኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ትርፍ አለ፣ እጄ ላይ ግን ለሦስት ወር ምንም አልነበረም፣ ገብስ አቅራቢው ደግሞ እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው። ሥራው አትርፎም በገንዘብ እጥረት ሊቆም እንደሚችል ያኔ ገባኝ። ከትልልቅ ደንበኛ ጋር ስትስማሚ የመጀመሪያው ሳይከፈል ሁለተኛው አይወጣም በዪ፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ስለ 80,000ው፦ የሦስት ወር ኪራይ ቅድሚያ 10,500፣ ሁለት ኩንታል ገብስ 16,000፣ ለምጣድ፣ ለሚዛንና ለማሸጊያ 12,000 ብትይዪ 38,500 ነው። የቀረውን አትንኪው። መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት አለ፣ መብራት የሚጠፋበትም አለ፣ አንቺም ትታመሚያለሽ። ገብስ የሚረክሰው ከመኸሩ በኋላ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። የያዝሽው ብር ገብሱ ሲረክስ ገዝተሽ ለማስቀመጥ ይጠቅምሻል። ብርዳችን ለሌላ ነገር ባይሆንም ነቀዝን ስለሚያዘገይ ከሞቃቷ ሸዋ ሮቢት ይልቅ እዚህ ደብረ ብርሃን ማከማቸት ይሻላል።

እቁብ ልትገቢ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣልሽ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ግን ሽያጭሽ ተረጋግቶ ሳምንታዊውን መዋጮ መሸፈን እስኪችል ጠብቂ። የባንክ ብድር አሁን አትውሰጂ፤ ለስድስት ወር የጻፍሽው ደብተር ሲኖርሽ ራስሽ ምን ያህል መክፈል እንደምትችይ ታውቂያለሽ። ንግድ ፈቃዱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር አውጪ፣ እድሳቱን ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ጨርሺ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ከጠበቅሽ ሰልፉ ያሰለችሻል።

ሦስቱን ቀን ቆጥረሽ ስትጨርሺ ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። እኔም ማታ ምጣዱን ካወረድኩ በኋላ አብሬሽ አሰላለሁ።