ከ30 ወደ 18 በመቶ፦ የጉዳት ውሳኔ ደብዳቤ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቃሊቲ አካባቢ ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ቀኝ እጄን ማሽን ያዘኝና ሁለት ጣቶቼ እንደ ድሮው መታጠፍ አቃታቸው። የሐኪሞች ቦርድ አይቶኝ 30 በመቶ ጉዳት አለባት አለ። ከወራት በኋላ ድርጅቱ «ተሽሏታል፣ እንደገና ትታይ» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ቦርድ 18 በመቶ አደረገው። አሁን «የጉዳት ዳረጎት እንዲከፈልሽ ተወስኗል» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ገንዘቡ ግን ገና ነው። እጄ እኮ ያው እጄ ነው! እኔ የጠበቅኩት ወር ወር የሚከፈል ነበር። ደሞዜ 6,000 ብር ነው። ድርጅቱ ደግሞ «ተመለሺ፣ ሌላ ቦታ እንመድብሻለን» ይላል። ደብዳቤውን ፈርሜ ነው የወሰድኩት፣ በቃ ተስማምቻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ከፊርማው እንገላገል። ፈርሞ መውሰድ «ደርሶኛል» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። ዋናው «ሌላ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ነገር ላይ አለመፈረምሽ ነው። ገንዘቡን ልትወስጂ ስትሄጂ ግን እንዲህ ዓይነት መስመር ከታች በኩል ተወሽቆ ሊቀርብልሽ ስለሚችል፣ ሰልፉ ቢረዝምም ከኋላሽ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም፣ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ደብዳቤው የደረሰሽን ቀንም ዛሬውኑ ጻፊበት። የይግባኝ ጊዜ ከዚያ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ አንዴ የተወሰነ የጉዳት መጠን እንደገና ሊታይ እንደሚችል ይፈቅዳል። እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው ሠራተኛው፣ አሠሪው ወይም የሚመለከተው የመንግሥት አካል ነው። ስለዚህ ድርጅቱ መጠየቁ ራሱ ሕገወጥ አይደለም፣ ምንም እንኳ ቢያናድድም። ግን ምክንያት ያስፈልጋል። ወይ የሠራተኛው ሁኔታ ብሷል፣ ወይ ተሻሽሏል፣ ወይ መጀመሪያ ሲመረመር ስህተት ነበር። ውጤቱ መጠኑን ሊያወርደውም ከፍ ሊያደርገውም ይችላል፣ ጭራሽ ክፍያውን ሊያስቀረውም ይችላል። የአንቺ ጥያቄ ታዲያ «ለምን ወረደ» ሳይሆን «ከሦስቱ በየትኛው ምክንያት ወረደ» መሆን አለበት። «ተሽሏታል» ከተባለ ምኑ ነው የተሻለው? የጣቶቹ መታጠፍ? የመጨበጥ ኃይሉ? ስሜቱ? ይሄ በቦርዱ ወረቀት ላይ መኖር አለበት። የደረሰሽ የክፍያ ደብዳቤ ነው፣ የቦርዱ ውሳኔ ሌላ ወረቀት ነው። የሁለቱንም ቦርዶች ውሳኔ ኮፒ ጠይቂና ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቦርዱ የሚለካው የሰውነት ክፍሉን ነው፤ ምን ያህል ይታጠፋል፣ ምን ያህል ጠፍቷል፣ በጉዳት መጠን መለኪያ ሰንጠረዡ ስንት ይይዛል። ማታ ማታ ሕመሙ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ፣ ልጅ ማጠብ እንዳቃተሽ፣ ሊጥ ማቡካት እንደተውሽ አይለካም። ስለዚህ እጅሽ ለአንቺ «ያው» ሆኖ፣ እብጠቱ ስለጎደለና ፊዚዮቴራፒ ስለሠራሽ በመለኪያው ግን ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ በመቶው ነው፣ ትልቁ ገንዘብ ግን እዚያ አይደለም ያለው።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (ቁጥር 1268/2014) በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ አለው። ጉዳቱ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው አጥቶ ከሥራ ከተሰናበተ፣ ዕድሜ ልኩን የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። ይሄ ጉዳቱ በደረሰበት ወር ሲያገኝ ከነበረው መደበኛ ደሞዝ 47 በመቶ ነው። ጉዳቱ ያው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ግን ይችላል ከተባለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል። እሱም ያንኑ 47 በመቶ በ60 ወር አባዝቶ፣ ውጤቱን በጉዳቱ በመቶኛ ማባዛት ነው።

በአንቺ ደሞዝ እናስላው። የ6,000 ብር 47 በመቶ 2,820 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 169,200 ይሆናል። በ30 በመቶ ቢሆን 50,760 ብር ይደርስሽ ነበር። በ18 በመቶ 30,456 ብር ነው። ግምገማው ያሳጣሽ 20,304 ብር ነው፣ ቀላል አይደለም። ግን ተመልከቺ፦ መሥራት አትችልም ተብሎ ቢሆን ኖሮ በወር 2,820 ብር ዕድሜ ልክሽን ነበር። የዳረጎቱን ሙሉ ገንዘብ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ታልፊዋለሽ።

ስለዚህ በቦርዱ ወረቀት ላይ ከበመቶው ይልቅ ፈልገሽ የምታነቢው «ለሥራ ብቁ ናት» የሚለውን መስመር ነው። ይሄ በመጀመሪያው ቦርድ ውሳኔ ላይ ምን ይላል? ያኔም «መሥራት ትችላለች» ተብሎ ከሆነ፣ 30 በመቶው ባይወርድም ወርሃዊ አበል አልነበረም ማለት ነው። መስማት የማትፈልጊው እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ከጠበቃ ቢሮ ደጃፍ ላይ ከምትሰሚው እዚህ ብትሰሚው ይሻላል።

ሌላ ማጣሪያ አለ፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ስሌቱ የተሠራው በየትኛው ደሞዝ ነው? አንዳንድ ድርጅቶች ለጡረታ የሚያሳውቁት ደሞዝ ከሚከፍሉት ያነሰ ነው። ደሞዝ መክፈያ ወረቀትሽን አውጪ። ከሠራተኛው ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው (አሠሪው ደግሞ 11 ይጨምራል)። ከ6,000 ብር 420 ብር መቆረጥ አለበት። 280 ብር ብቻ ሲቆረጥ ከነበረ የተመዘገብሽው በ4,000 ብር ነው፣ ዳረጎትሽም ከዚያ ነው የሚሰላው። ኦቨርታይም ከመደበኛ ደሞዝ ውስጥ እንደማይገባ ግን እወቂ።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ቅሬታሽ የት ላይ እንደሆነ ለዪ። በስሌቱ ወይም በአበሉ ዓይነት ከሆነ፣ ውሳኔውን ለሰጠው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቺ፤ ካልተስተካከለ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይኬዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ነው፣ እሱም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ብቻ። ቅሬታሽ በሕክምናው ከሆነ ግን ማልቀስም መጮህም አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው አዲስ የሕክምና ማስረጃ ነው። የምትታከሚበት የአጥንት ወይም የእጅ ሐኪም ጣቶችሽ ምን ያህል እንደሚታጠፉ በቁጥር ጽፎ ይስጥሽ። ከፋብሪካው ደግሞ የሥራ መደብሽን ዝርዝር አውጪ። ማሽኑ በሁለት እጅ የሚያዝ ከሆነ ቦርዱ ይሄን ከወረቀት ካላየው በምን ያውቃል? «ኦፕሬተር» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረውም፣ ቁልፍ የሚጫን ሰውም ኦፕሬተር ነው።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። እንደገና ልታይ ስትዪ መጠኑ ሊወርድም ይችላል። ከ10 በመቶ በታች ከወረደ ዳረጎቱም ይቀራል። አዲስ ማስረጃ በእጅሽ ሳይኖር በንዴት ብቻ ለሦስተኛ ቦርድ አትሂጂ።

«ተመለሺ» ያሉሽን በተመለከተ፣ በቃል አትመልሺላቸው። የትኛው ሥራ፣ በስንት ደሞዝ፣ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሺ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ (568/2000) አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ዳረጎት ወስዶ እየሠሩ መቀጠል ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ እኔ ከሰበታ ነኝ። የፋብሪካው ሰርቪስ ተገልብጦ እግሬ ተሰበረ። መጀመሪያ ሙሉ ደሞዝ ይከፍሉኝ ነበር፣ ከዚያ ቀነሱት፣ አሁን ግማሽ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ 11ኛ ወር ላይ ነኝ። አንዱ አለቃ ደግሞ «አደጋው ግቢ ውስጥ አይደለም የደረሰው፣ የምንከፍልህ በደግነት ነው» አለኝ። ክራንች ይዤ ነው የምሄደው። ቦርድ የሚባል ነገር አላየሁም።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ደግነት አይደለም። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄድ ወይም ስትመለስ የደረሰብህ አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። የክፍያው መቀነስም ቅጣት አይደለም። ሕጉ ራሱ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይላል።

እኔን ያሳሰበኝ 11ኛ ወር መሆኑ ነው። ይሄ ክፍያ አንድ ዓመት ሲሞላ ይቆማል። ቦርዱ ደግሞ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ የጉዳቱን መጠን እንዲወስን ነው የሚጠበቀው። ቦርድ ካልታየህ በመቶኛ የለህም፣ በመቶኛ ከሌለህ ዳረጎትም አበልም የለም፣ የወር ክፍያውም ያበቃል። ባዶ እጅህን ትቀራለህ። በዚህ ሳምንት «ወደ ሐኪሞች ቦርድ ይላክልኝ» ብለህ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክት፣ ኮፒው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ አስደርግ። እምቢ ካሉ ሰበታ ውስጥ ላለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወስደህ አመልክት። አዲስ አበባ ድረስ አትልፋ። ሰበታ፣ ገላን፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፣ የሥራ ክርክሩም በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው የሚታየው። ወሳኙ ፋብሪካው ያለበት ቦታ ነው፣ ቤትህ ያለበት አይደለም። የቃሊቲው ፋብሪካ ሠራተኛ ገላን ቢኖርም ክርክሩ አዲስ አበባ ነው። የጡረታው አስተዳደር ግን ፌዴራል ስለሆነ ለሁለቱም ያው ነው።

የምርመራ ቀጠሮ አትዝለል። ያለ ምክንያት አልታይም ያለ ሠራተኛ ክፍያው ሊታገድበት ይችላል፣ የታገደበት ጊዜ ገንዘብም ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም።

ጥያቄ፦ አባቴ የካ አባዶ አካባቢ ሕንፃ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ይሠራ ነበር፣ ከስካፎልድ ወደቀ። የሐኪሞች ቦርድ 40 በመቶ ጉዳት አለበት ብሏል። ጡረታ አልተቆረጠለትም። ኮንትራክተሩ «ውል የለውም፣ አላውቀውም» ይላል። በወር ወደ 4,500 ብር ያገኝ ነበር።

መልስ፦ የሥራ ውል በጽሑፍ ብቻ አይደለም የሚመሠረተው። አብረውት የሠሩ ሰዎች፣ ፎርማኑ፣ የቀን መከታተያ ደብተር፣ ገንዘብ የተላከበት የቴሌብር መልእክት ሁሉ ማስረጃ ነው። አሁኑኑ ሰብስቡት፣ የግንባታ ሠራተኛ ሳይት ይቀይራል፣ ኋላ አታገኙትም።

ጡረታ ውስጥ ያልገባ፣ ኢንሹራንስም ያልተገባለት ሠራተኛ ካሳውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የአምስት ዓመት ደሞዝ ነው፣ ለከፊል ደግሞ ከዚያ ላይ በመቶኛው ይሰላል። የአባትህ የዓመት ገቢ 54,000፣ በአምስት 270,000፣ የዚያ 40 በመቶ 108,000 ብር። የሕክምና ወጪውም የአሠሪው ነው፣ ደረሰኞቹን አትጣሉ። ኮንትራክተሩ «ሃያ ሺህ ልስጥህና እንለያይ» ብሎ ሽማግሌ ቢልክ፣ ለሽማግሌዎቹ ቡና አፍልታችሁ በአክብሮት አስተናግዷቸው፣ ይሄን ስሌትም አሳዩዋቸው።