ኤጀንቱ ለምን የተሳሳተውን ቱል ያነሳል? የሐዋሳ ልጆች ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ተሰብስበን ስለ ኮድ ጻፊ ኤጀንቶች (የኤ.አይ. ሞዴል ቱል እየጠራ ሥራ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች) ስናወራ ዝናብ በተነን። ጥያቄያችሁን በወረቀት ሰጥታችሁኝ ነበር፤ ግማሹ ርሷል። የሚነበበውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ቱል የምትለው ምኑን ነው? ማብራሪያውንስ ማን ያነበዋል?

መልስ፦ ቱል ማለት ለኤጀንቱ የምትሰጡት ሥራ መሥሪያ ነው፤ ፋይል መክፈቻ በሉት። ሞዴሉ በራሱ ፋይል አይከፍትም፣ ቴስትም አያስኬድም። ሲፈልግ «ይህን ቱል በዚህ ግብዓት ጥሩልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የሚያስኬደው የእናንተ ፕሮግራም ነው። ኦፕንኤአይ በ2023 ፈንክሽን ኮሊንግ ብሎ ያመጣው፣ አንትሮፒክም በ2024 መጨረሻ ባወጣው ኤም.ሲ.ፒ. (ሞዴልን ከቱሎች ጋር ማገናኛ ደንብ) ውስጥ ያለው አሠራር ይኸው ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ሞዴሉ የሚያየው የቱሉን ስም፣ ማብራሪያውንና የፓራሜትሮቹን (የሚቀበላቸውን ግብዓቶች) ዝርዝር ነው። ከጀርባ ያለውን ኮድ አያይም።

ጥያቄ፦ የሆቴል ቡኪንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ኤጀንቴ አንድ ቡኪንግ ለማየት ሁሌ የወሩን ሪፖርት ይጠራል። ሞዴሉ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ማብራሪያዎችህን አየኋቸው። አንዱ «የቡኪንግ ዳታ ያመጣል» ይላል፤ ሌላው «የቡኪንግ መረጃ ያወጣል»። እኔም ብሆን ግራ ይገባኛል! ልጅ ሱቅ ልከህ «ሳሙና አምጣ» ካልከው፣ የገላ ይሁን የልብስ ሳትነግረው ባመጣው መቆጣት አትችልም።

እንዲህ ብትጽፈውስ፦ «የአንድን ቡኪንግ ዝርዝር በቡኪንግ ቁጥሩ ይመልሳል። ቁጥሩን ካላወቅህ መጀመሪያ በእንግዳው ስልክ ፈልግ። የወር ገቢ ለማስላት አትጠቀምበት፤ ለዚያ የሪፖርቱ ቱል አለ። ቡኪንጉ ከሌለ ባዶ ይመልሳል፤ ይህ ኤረር አይደለም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ነገሮች ሰው ሁሉ ይዘላቸዋል። ለእኔ ግን ከምን ይሠራል ይልቅ መቼ አይጠሩትም የሚለው ይበልጣል። ባዶ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያልተነገረው ኤጀንትም ቱሉ የተበላሸ መስሎት ደህናውን ኮድ ሊጠግን ይነሳል።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ ጉድ ሆንኩ። እንግዳው የያዘው ክፍል ሌላ ዓመት ላይ ተመዘገበ።

መልስ፦ ይሄ የኛው አገር ጣጣ ነው፤ ረዘም ላድርገው። ፓራሜትሩን «ቀን» ብቻ ብለህ ብትሰይመው፣ ተጠቃሚው «መስከረም 5 ቀን 2017» ሲል ኤጀንቱ 2017-01-05 ብሎ ሊልክ ይችላል። ሲስተሙ ደግሞ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነበር። ኤረር አይመጣም፤ በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ቀን ነዋ። ጳጉሜን ቢሆን እንኳ 13ኛ ወር ሲያይ ይጮህልህ ነበር።

ስለዚህ አቆጣጠሩን ስሙ ውስጥ አስገባው፤ «የመግቢያ ቀን በፈረንጅ» በል። ማብራሪያው ላይ አንድ ምሳሌ ጨምር። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለሲስተሙ 9፡00 ነው። ገንዘቡ በብር ነው ወይስ በሳንቲም? ስልኩ በ09 ይጀምራል ወይስ በ251? «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የአባት ይግባ ወይስ የአያት? አንተ ሳትጽፈው የቀረኸውን ኤጀንቱ በግምት ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ትልልቆቹ ሞዴሎች ይረዱታል። ግን የግእዝ ፊደል ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆርጥበት ቁራሽ) ይበላል፤ ማብራሪያው ደግሞ በየጥሪው አብሮ ይላካል። የቱሉ ስም ላይማ ምርጫ የለም። የኦፕንኤአይም የአንትሮፒክም ኤ.ፒ.አይ. (ፕሮግራምህ ሞዴሉን የሚጠራበት በር) በስም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ (- እና _) ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ጽፌ ደንበኛ የሚላቸውን ቃላት በአማርኛ እተዋቸዋለሁ። «ቀብድ» የሚለው ቃል የቅድሚያ ክፍያው ቱል ላይ ከተጻፈ፣ ኤጀንቱ ሲሰማው የትኛውን እንደሚያነሳ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ስንት መስመር ይብቃ?

መልስ፦ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር። ውስብስብ ከሆነ ጨምር።

ጥያቄ፦ አርባ ቱል አለኝ። በዛ?

መልስ፦ በዛ። ሁሌ ተከታትለው የሚጠሩትን አንድ አድርጋቸው።

ጥያቄ፦ ማብራሪያውን አስተካክዬም ኤጀንቱ የፋይል መንገድ ይሳሳታል።

መልስ፦ እንግዲያው ቃል መጨመሩን ትተህ ቱሉን ራሱን ቀይረው። አንትሮፒክ ኤስ.ደብሊው.ኢ. ቤንች ለተባለው የኮድ ፈተና ኤጀንት ሲሠራ ይኸው ገጥሞታል። ኤጀንቱ ከዋናው ፎልደር ሲወጣ አጭሩን መንገድ ይስተው ነበር። ቱሉ ሁልጊዜ ከሥሩ (ከ / ምልክት) የሚጀምር ሙሉ መንገድ እንዲጠይቅ ሲደረግ ስህተቱ ቀረ። የኤረር መልእክትህንም እየው። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚለው ምንም አይነግረውም። «ሙሉ መንገድ ላክ፤ በ / ምልክት ይጀምር» ብትለው ራሱ አርሞ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ «ዳታ እንዳትሰርዝ» ብዬ ከጻፍኩ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም! አንድ ጊዜ «በጥንቃቄ ተጠቀም» ብዬ ጽፌ ሙሉ ሠንጠረዥ ጠፍቶብኛል። ደግነቱ የቴስት ነበር። ማብራሪያ ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም። ለኤጀንቱ ማንበብ ብቻ የሚችል የዳታቤዝ አካውንት ስጠው፤ መሰረዝ ካስፈለገ ሰው ይፍቀድ።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ መቼ ነው?

መልስ፦ ቅዳሜ 9 ሰዓት። በኛ አቆጣጠር፣ ከሰዓት በኋላ።