የሰው ታላቅነት የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔን ጨምሮ ብዙዎችን ያስተማሩ አንድ አባት ነበሩን። በሕይወት ሳሉ «ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው» ይባሉ ነበር። ትምህርታቸውን ሊሰማ የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ግን በቀብራቸው ላይ መቆሚያ ጠፋ። ይነቅፏቸው የነበሩት ሳይቀሩ «ታላቅ ሰው አጣን» እያሉ አለቀሱ። እኔም ለዓመታት ሳገለግል የቆየሁ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልቤ ቀዝቅዟል። የሰው ታላቅነት የሚታወቀው ሲሞት ብቻ ነው? በሕይወት ሳለሁ መመስገንን መመኘቴስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር የመምህርህን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ይደምርልን። ጥያቄህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የነቢዩ ኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክ ነው።

ኤርምያስ በቃሉ እየነገረው ባሮክ በቀለም በክርታስ ላይ ጻፈ (ኤር. 36፥18)። መጽሐፉ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት ሲነበብ ጊዜው ዘጠነኛው ወር፣ ብርዱ የበረታበት ነበር፤ ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ከፊቱ እሳት ይነድዳል። አንባቢው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ቢላዋ ይቆርጥና ወደ እሳቱ ይጥላል። ክርታሱ እንዲህ እየተቆረጠ አለቀ። ልብ በል፣ ንጉሡ ሳይሰማ አይደለም ያቃጠለው፤ እያንዳንዱን ዓምድ ከሰማ በኋላ ነው። ባሮክ ስንት ቀን እንዳጎነበሰበት እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሥራው በአንድ ቁጭታ አመድ ሆነ።

ባሮክም እንደ አንተ ልቡ ዝሎ ነበር። በልቅሶዬ ደክሜአለሁ፣ ዕረፍትም አላገኘሁም ሲል እግዚአብሔር የመለሰለት ቃል ጠንከር ያለ ነው፤ ለራስህ ታላቅ ነገር ትፈልጋለህን? አትፈልግ። ነገር ግን በምትሄድበት ሁሉ ነፍስህን እሰጥሃለሁ አለው (ኤር. 45፥3-5)። ስምህን አስጠራለሁ አላለውም። ከዚያም ሌላ ክርታስ ተሰጠው፣ እንደገና ጻፈ፤ በፊቱ ያልነበረ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ በባቢሎን በምርኮ የነበረው ዳንኤል የስደቱን ዘመን፣ ያንን 70 ዓመት፣ ያስተዋለው በኤርምያስ ቃል ነው (ዳን. 9፥2)። እዚያም ቢሆን የተጠራው የኤርምያስ ስም ነው፤ ቃሉን በእጁ የጻፈው ባሮክ አልተጠራም።

«ዘመነኛ ባያውቅ ቀጣዩ ትውልድ ይፈርዳል» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ልጽናና አልችልም። ጌታችን የነቢያትን መቃብር የሚሠሩትን፣ የጻድቃንን መቃብር የሚያስጌጡትን ገሥጿልና። እነዚያ ሰዎች «በአባቶቻችን ዘመን ብንኖር ኖሮ በነቢያት ደም ባልተባበርናቸው ነበር» ይሉ ነበር (ማቴ. 23፥29-30)። ሞተው ያሉትን ነቢያት እያከበሩ በመካከላቸው የቆመውን ግን ሊሰቅሉት ይመክሩ ነበር። የሞተ ነቢይ አይገሥጽም፤ ለዚህ ነው እርሱን ማክበር የሚቀለው። ትውልድም ቢሆን ይረሳል፣ ያጋንናል፣ የማይገባውንም ያገንናል።

ደግሞስ መምህርህ በሕይወት ሳሉ አልታወቁም ማለት እውነት ነውን? ዮሐንስ አፈ ወርቅን ተመልከት። የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት ስለ ገሠጸ ንግሥት አውዶክስያ ጠላችው፤ ተወግዞ ተሰደደ። እንደ እኛ አቆጣጠር ሳይሆን በአውሮፓውያኑ በ407 ዓ.ም. በስደት መንገድ ላይ ደክሞ ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. የዚያችው የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን በክብር አስመጥቶ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንናገረው «ሲሞት አወቁት» ብለን ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ሲያሳድዱት የከተማው ሕዝብ «አባታችንን መልሱልን» ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ መልሰውትም ነበር። ድሃው ዐውቆት ነበር፣ ያላወቀው ቤተ መንግሥቱ ነው። የአንተም መምህር በጣት በሚቆጠሩት ሰዎች ዘንድ ይታወቁ ነበር። ከእነርሱ አንዱ አንተ ነህ።

በዘመኑ የታወቀም አለ። ታላቁ እንጦንስ ሸሽቶ በበረሃ ሳለ ዝናው ወጥቶ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ደብዳቤ ጻፈለት። መነኮሳቱ ሲደነቁ፣ ንጉሥ ስለ ጻፈልን አትደነቁ፤ እግዚአብሔር ለሰው ሕጉን ስለ ጻፈ ተደነቁ አላቸው። ሊያርፍ ሲል ደግሞ መቃብሩን ለማንም እንዳይናገሩ ሁለቱን ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ።

መጥምቁ ዮሐንስን ደግሞ አስበው። «ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም» የሚለውን ጌታችን የተናገረው ዮሐንስ በሕይወት ሳለ ነው። የት ነበረ? በወኅኒ። ወንጌላዊው ሉቃስ ደግሞ ጌታ ስለ ዮሐንስ መናገር የጀመረው የዮሐንስ መልእክተኞች ከሄዱ በኋላ መሆኑን ጽፏል (ሉቃ. 7፥24)። ሰው ከሰማው ምስጋና ሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ባለቤቱ በሌለበት ተነገረ፤ ከዚያም በኋላ ራሱ ተቆረጠ። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለትም እንዲሁ ናት፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ስለ እርስዋ ነገራቸው እንጂ እርስዋን ጠርቶ አመሰገናት አልተባለም። እነዚህን ሁለቱን ሳነብ ሁልጊዜ እጽናናለሁ። ስለ እኔ የሚነገረውን አለመስማቴ፣ አልተነገረም ማለት አይደለምና።

መመስገንን መመኘት ኃጢአት ነው ወይ ላልኸው፣ ደክሞኛል፣ አይዞህ የሚለኝ ፈልጌአለሁ ማለት ኃጢአት አይደለም፤ የሰው ጠባይ ነው። ኃጢአት የሚሆነው ያን ሳታገኝ ሥራውን የምትተወው ከሆነ፣ ወይም የተመሰገነውን ባልንጀራህን ካየኸው በኋላ ልብህ ከጠቆረ ነው። ራስህን በዚህ መርምር፤ ለንስሓ አባትህም ሳትሸፍን ንገራቸው።

ቤተ ክርስቲያን ማንንም በሕይወት ሳለ ቅዱስ ብላ አትሰይምም። ከመሞቱ በፊት ማንንም ብፁዕ አትበል ይላል መጽሐፈ ሲራክ፤ ሩጫው ገና አላለቀምና። ይህ ግን በሕይወት ያለውን አታመስግኑ ማለት አይደለም። ሮሜ ምዕራፍ 16ን ዛሬ ማታ አንብበው። ብዙዎቻችን ስም ብቻ ነው ብለን እናልፈዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ ከ20 የሚበልጡ በሕይወት ያሉ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ፣ የብዙዎቹንም ድካም እየነገረ ሰላምታ ያቀርባል። ማርያ ብዙ ደክማለች፣ ጵርስቅላና አቂላ ስለ ነፍሴ አንገታቸውን አቅርበዋል፣ የሩፎስ እናት ለእኔም እናቴ ናት። መልእክቱን የጻፈው ጤርጥዮስ እንኳ በመካከል ገብቶ «እኔም ሰላም እላችኋለሁ» ይላል። ጳውሎስ ቀብራቸውን አልጠበቀም።

እኔ ግን ጠብቄአለሁ። ዳዊት ያስደገሙኝ መምህር ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ፊደሉን ሳያዩ፣ ከድምፄ ብቻ መስመር መዝለሌን ያውቁብኝ ነበር። «ተመለስ» ይሉኝ ነበር፣ አንዲት ቃል ብቻ። ዛሬም ሳነብ ስቸኩል ድምፃቸው ይመጣብኛል። ይህን ለሕዝብ የተናገርሁት ሬሳቸው ፊት ቆሜ ነው፤ ለእርሳቸው አንድም ቀን አልነገርኋቸውም።

ከመምህርህ ጋር አብረው ያስተማሩ፣ ዛሬ ዕድሜ የተጫናቸው አባት ወይም እናት አይጠፉም። በዚህ ሳምንት ሄደህ ከእርሳቸው የተማርኸውን አንዱን ነገር ለይተህ ንገራቸው። «ተው ልጄ» ማለታቸው አይቀርም። አንተ ግን ጨርሰህ ንገራቸው።