የላቴክስ ቀሚስ በመርፌ አይጠብም

ጥያቄ፦ ስፌት ቤት አለኝ። አንዲት ደንበኛዬ ለሙዚቃ ክሊፕ የምትለብሰው ጥቁር የላቴክስ ጉርድ ቀሚስ ከውጭ መጥቶላት ወደ እኔ አምጥታዋለች። ከኋላ ካለው ዚፕ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ታች 3 ሳ.ሜ ያህል ተቀዷል። ወገቡም ስለሰፋት 4 ሳ.ሜ አጥብቢልኝ ብላኛለች። አብሮት በመጣው ትንሽ ቁራጭ ላይ በማሽን ብሞክር መርፌው በሄደበት መስመር ተተረተረብኝ። በማስቲሽ ልለጥፈው? ወይስ ልመልስላት?

መልስ፦ አይመልሱላት፤ ማሽኑን ግን ይርሱት። ላቴክስ ስስ ጎማ እንጂ ጨርቅ አይደለም፤ ክር የለውም። ጨርቅ ላይ መርፌው በክሮቹ መካከል ያልፋል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ አዲስ ቅዳድ የሚነሳበት ቦታ ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ ያለበትን የዝናብ ልብስ ሲያወጣም ልብስ ሰፊዎቹ በመርፌ የበሱት ቦታ ሁሉ ውኃ አስገብቷል። የላቴክስ ልብስ ተቆርጦ ይጣበቃል እንጂ አይሰፋም።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ ላቴክስ መሆኑን ይወቁ። ገበያ ላይ የሚያብረቀርቅ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከውስጥ በኩል ሲያዩት ጨርቅ ካለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ ቅብ ነውና ይህ ምክር አይመለከተውም። ላቴክስ በሁለቱም ፊቱ ጎማ ነው። ሲስቡት እጥፉን ይረዝማል፣ ሲለቁት ወደ ልኩ ይመለሳል፣ የፊኛ ሽታ አለው። ቀጥሎ ከጫፉ ትንሽ ሳብ አድርገው ይመልከቱ። ደቃቅ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ላዩ እንደ ማር እየተጣበቀ ከሆነ ጎማው አርጅቷል፤ ያኔ መመለሱ ይሻላል። አንድ ቦታ ቢለጥፉት ከጎኑ ይቀደዳል፤ ጥፋቱም በእርስዎ ይሳበባል።

ማስቲሹን በተመለከተ፦ ጫማ ሰሪ የሚጠቀምበት ቢጫው ማስቲሽ ይይዛል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ አብሮ አይለጠጥም። ውፍረቱ 0.4 ሚ.ሜ በሆነ ጎማ ላይ ጠንካራ መስመር ሲፈጠር ጎማው በመስመሩ ዳር ይቀደዳል። ሱፐር ግሉ ከዚህም የባሰ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። የሚፈለገው ራሱ ጎማ የሆነ፣ በቤንዚን መሰል ፈሳሽ የሟሟ ማጣበቂያ ነው። ጎሚስታ ቤት ከመነዳሪ የሚለጠፍበት፣ ወይም ከብስክሌት መለጠፊያ ጋር በትንሽ ቱቦ የሚሸጠው ይሠራል። ልብሱ ጥቁር መሆኑ ጠቅሞዎታል፤ በነጭ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ላቴክስ ላይ ግን አንዳንዱ ማጣበቂያ ቀለሙን ያሳያል። ለማጽጃና ለማላቀቂያ ላይተር የሚሞላበትን ንጹሕ ቤንዚን ይግዙ። የመኪና ቤንዚን ቅሪት ይተዋል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቅባት ስለሆነ ጭራሽ አያስጠጉት።

የሥራው ቅደም ተከተል እርስዎ ካሰቡት የተገላቢጦሽ ነው። ወገቡን አስቀድመው ያጥብቡ፣ ቅዳዱን ኋላ ይጠግኑ። ከወገቡ የሚቆርጡት ትርፍ ራሱ ለመጠገኛ ይሆናል፤ ቀለሙም ውፍረቱም አንድ ነው።

የልኩን ነገር በጨርቅ ሕግ አያስቡት። ለጨርቅ ከገላ ልክ ላይ ትንሽ ይጨመራል፤ ከላቴክስ ግን ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ። የደንበኛዎ ወገብ 70 ሳ.ሜ ቢሆንና ቀሚሱ ሳይሳብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ 35 ቢለካ፣ ዙሪያው ከገላዋ እኩል ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ይወርዳል። ዙሪያው ወደ 66 ሲጠብ ከገላዋ 6 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ያኔ ይቀመጣል። ጥያቄዋ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አጥብቢ ብትልዎ ግን እሺ አይበሉ፤ ጭነቱ በሙሉ ዚፑ ላይ ያርፋል።

4 ሳ.ሜውን ለሁለቱ ጎኖች ያካፍሉት፣ 2 ሳ.ሜ በየጎኑ። የጎኑ ማያያዣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚ.ሜ ያህል የተደራረበ ጎማ ነው። ከወገቡ ጀምረው በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ቤንዚን እያስነኩ አንድ ደቂቃ ይጠብቁና ቀስ ብለው ይላቅቁት። የሚጎትተው እጅዎ ሳይሆን ቤንዚኑ ነው፤ እምቢ ሲል ይጨምሩ እንጂ አይሳቡ። ከወገቡ ወደ ታች 20 ሳ.ሜ ገደማ፣ ዳሌ እስከሚሰፋበት ድረስ ይበቃል። ቤንዚን የነካው ላቴክስ ያብጣል፣ ይሽበሸባል። በዚያ ሁኔታ ከለኩት ልኩ ይስታል፤ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ይተዉት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመለሳል። የወገቡ ውስጥ ጥብጣብ ካለ ከጎኑ ግራና ቀኝ 5 ሳ.ሜ አብሮ ይላቀቃል። መልሰው ሲያጣብቁት መገናኛው ከጎኑ መስመር 3 ሳ.ሜ ራቅ ይበል፤ ሁሉም አንድ ቦታ ከተደራረበ ድንጋይ ይሆናል።

ቆረጣው ከኋለኛው ገጽ ብቻ ይሁን። ወገቡ ላይ 2 ሳ.ሜ፣ 20 ሳ.ሜ ታች ሲደርስ ዜሮ። መስመሩ ወደ ኋላ 1 ሳ.ሜ ቢሸሽ ማንም አያየውም፣ ከሁለቱም ገጽ ቢቆርጡ ግን የሚተርፍዎት ቁራጭ ቀጭን ይሆንና ለጥገና አይረባም። በመቀስ አይቁረጡ። መቀስ በተነሳበትና በገባበት ሁሉ ጥርስ ይተዋል፤ እያንዳንዱ ጥርስ ነገ ቅዳድ ነው። በአዲስ ምላጭ ወይም ካተር፣ በብረት ማስመሪያ፣ አንድ ጊዜ በተጎተተ መስመር። በስፒል አያሲዙት፣ ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት።

ማያያዣው በቤንዚን አልላቀቅ ካለ ሌላ መንገድ አለ። 8 ሚ.ሜውን በሙሉ ቆርጠው ያውጡት፣ ሁለቱን ጠርዞች ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ ያገናኙ፣ ከውስጥ 2 ሳ.ሜ ስፋት ያለው የላቴክስ ጥብጣብ ይለጥፉበት። ዳሌው ላይ በድምሩ 1.6 ሳ.ሜ ይጠፋል፤ ጎማው ስለሚለጠጥ ይችለዋል። ወገቡ ላይ የሚቆርጡት ግን በዚያው ልክ ይቀንስ።

አሁን ሥራው ሁሉ ያለበት ቦታ ላይ ደረስን። ላቴክስ ላይ ማጣበቂያ የማይዘው በአብዛኛው ማጣበቂያው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ከሥሩ ታልክ (የገላ ፓውደር)፣ የማስወልወያ ሲሊኮን ወይም የገላ ቅባት ስላለ ነው። ቀሚሱን ለብ ባለ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከዚያ የሚጣበቀውን ጠርዝ ብቻ ቤንዚን በነካ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁ የልብሱን ቀለም እንጂ ቅባት ይዞ እስካይመጣ ድረስ ጨርቁን እየቀየሩ። ሳይቀባ በደረቁ የሚያንሸራትት ላቴክስ ካጋጠመዎት ደግሞ ላዩ በክሎሪን የታከመ ነው፤ ማጣበቂያ አይነክሰውም። የሚጣበቀውን 8 ሚ.ሜ ብቻ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያሹትና እንደገና ይጥረጉ። ከዚያ መስመር ካለፉ ጭረቱ ከላይ ይታያል።

ማጣበቂያውን በሁለቱም ፊት፣ በጣም ስስ አድርገው፣ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ይግፉት። ወዲያው ጎማው ይጠቀለላል፤ አይደንግጡ። 5 እስከ 10 ደቂቃ ሲቆይ ተመልሶ ይዘረጋል። በጣትዎ ጀርባ ሲነኩት የሚይዝ ግን ክር የማያወጣ ከሆነ ደርሷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርጥብ ሳለ ካገናኙት ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል፣ ጎማው ያብጣል፣ መስመሩ እንደ ማዕበል ይሆናል።

ሁለቱ ፊቶች አንዴ ከተነካኩ አይላቀቁም፣ ማስተካከል የለም። ስለዚህ በመካከላቸው የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ያስገቡ፤ መስመሩን አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ ወረቀቱን ከዳሌው በኩል ወደ ወገብ 2 ሳ.ሜ፣ 2 ሳ.ሜ እያወጡ በጣትዎ ይጫኑ። ሲጨርሱ በጠርሙስ ወይም በትንሽ መዳመጫ ከመሃል ወደ ጠርዝ አጥብቀው ይዳምጡ፣ አየር ካለ በጠርዙ ይውጣ። በመርፌ እንዳይበሱት! ተርፎ የወጣውን ማጣበቂያ ሲደርቅ በጣት ቢያሹት እየተድቦለቦለ ይወጣል። ታልክ ነስንሰው 24 ሰዓት ያሳድሩት። ለልክ ሙከራ 48 ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል፤ ቀጠሮውን ከወዲሁ እንደዚያ ይስጧት።

ይህን ቀሚሱ ላይ ከመሞከርዎ በፊት ሁለት ቁራጮች አጣብቀው በማግሥቱ ይሳቧቸው። ጎማው ከተለጠጠና መገናኛው ካልተላጠ ማጣበቂያዎ ይሆናል።

ወደ ቅዳዱ እንመለስ። ዚፕ አይለጠጥም፣ ላቴክስ ይለጠጣል፤ በተቀመጠች ቁጥር ጭነቱ ሁሉ ዚፑ ባለቀበት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ቅዳዱን መድፈን ብቻ ሳይሆን ያንን ጭነት መበተን አለብዎት። ከወገቡ ከተረፈው ጥቁር ቁራጭ 5 ሳ.ሜ በ1.2 ሳ.ሜ ይቁረጡ፣ ማዕዘኖቹን ያክቡ። የቅዳዱን ከንፈሮች ሳይስቡ ገጥመው ከላይ በስኮች ያሲዙ፣ ልብሱን ገልብጠው ይህን ቁራጭ ከውስጥ ይለጥፉ። በላዩ ላይ 7 ሳ.ሜ በ4 ሳ.ሜ የሆነ፣ የዚፑን መጨረሻ ጭምር የሚሸፍን እንቁላል ቅርጽ ያለው ሁለተኛ ልጣፍ ይጨምሩ። ሁለቱ እኩል ባለመሆናቸው ውፍረቱ በደረጃ ይወርዳል፤ አንድ ወፍራም ልጣፍ ቢያደርጉ በዳሩ አዲስ ቅዳድ ይጀምራል። ለሁለተኛው የሚበቃ ጥቁር ላቴክስ ከሌለዎት ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚሸጠው ስስ ጠፍጣፋ የስፖርት ላስቲክ ያገለግላል። ከውስጥ ስለሚሆን ቀለሙ ግድ የለም። ላቴክስ የሌለበት ዓይነትም ስላለ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ዱቄቱንም ይጠቡት።

ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር ልጫን። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። የከሰል ምድጃ፣ የተለኮሰ እጣን፣ የሚፈላ ቡና ባለበት ክፍል ይህ ሥራ አይሠራም። መስኮትና በር ይከፈት፣ ካውያም ይነቀል።

ሲያስረክቡ ለደንበኛዎ የሚነግሯት፦ ለላቴክስ አለርጂ ካለባት አስቀድማ ትናገር። ቫዝሊን፣ የሕፃን ዘይት፣ ለጋ ቅቤ የነካው እጅ ቀሚሱን አይንካው፤ ቅባት ላቴክስን ያላላል፣ እርስዎ ያጣበቁትንም ያላቅቃል። ለመልበስ ታልክ ወይም በውኃ የሚሟሟ ማለስለሻ ትጠቀም፤ በጥፍር ሳይሆን በጣት መዳፍ ትሳብ። የመዳብና የነሐስ ጌጥ፣ መስቀልም ቢሆን፣ ላቴክስ ላይ ሲያርፍ ቡናማ እድፍ ይተዋል። እድፉ በጥቁር ላይ ብዙም አይታይም፣ ነገር ግን መዳብ የነካው ጎማ ቶሎ ያረጃል። ከቀረጻ በኋላ በለብታ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይደርቅ። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ላይ ገመድ ላይ ከዋለ የእርስዎ ሥራ ምንም ያህል ቢጠነክር ጎማው ራሱ ይደርቃል።